ሳነቴ ላይ የተንቀጠቀጠብን ቪዲዮ፦ ትራይፖዱንና ሄዱን እንዴት እንደቀየርን

ነገሩ የጀመረው ባሌ ነው። እኔና የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃት፣ የድርጅት ዝግጅት ምናምን የምንቀርፅ ሰዎች ነን፣ ሁለታችንንም ግን ለዓመታት ሲያንገበግበን የኖረ አንድ ነገር ነበር፣ ቀይ ቀበሮን በራሳችን ካሜራ መቅረፅ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ ያሉት እዚሁ ባሌ ተራሮች ላይ ነው፣ እና ካሜራ ይዤ እየሠራሁ በሀገሬ ያለውን ይሄን እንስሳ አንድ ቀን እንኳ አለመቅረፄ በጣም ይቆጨኝ ነበር። ገንዘብ አጠራቅመን ታህሳስ ላይ ሄድን።

የያዝነውን ዕቃ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ጋር ነው ያለው። ካሜራው ካነን 90ዲ ነው፣ 701 ግራም። ሌንሱ ሲግማ 150-600 ሚሊ ሜትር ኮንቴምፖራሪ (ይሄ ቁጥር በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን አቅርቦ ያሳያል)፣ እሱ ብቻውን ወደ 1.9 ኪሎ ነው። ማይክና ትንሽ ሞኒተር ሲጨመርበት ከላይ የሚቀመጠው ዕቃ በጠቅላላ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትራይፖዱ፣ ማለት ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ፣ ደግሞ ሰርግ ላይ አራት ዓመት የተጠቀምንበት ባለ አራት እጥፍ አሉሚኒየም ነው፣ መሃሉ ላይ ወደ ላይ የሚሳብ ምሰሶ አለው፣ ሄዱ (ካሜራው የሚያርፍበትና የሚዞርበት የላይኛው ክፍል) አብሮት የመጣ ነው፣ ካርቶኑ ላይ "እስከ 8 ኪሎ ይሸከማል" ይላል። እኛም 8 ኪሎ የሚችል ነገር ላይ 3 ኪሎ ብናስቀምጥ ምን ይሆናል ብለን ትራይፖዱን ሁለተኛ ሳናስበው ነው የጫንነው። ሰርግ ላይ ደግሞ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም ነበር፣ እዚያ የምንጠቀመው ሌንስ ከ24 እስከ 70 ነዋ።

ከጎባ ተነስታችሁ ወደ ሳነቴ ስትወጡ መጀመሪያ ጫካ ነው፣ ከዛ ቁጥቋጦ፣ ከዛ በድንገት ሁሉም ነገር ያልቅና ሜዳው ይከፈታል፣ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ አምባ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን ቆሞ፣ ከርቀት ሰው የቆመ ነው የሚመስለው፣ ከኋላው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። ቀዝቃዛ ነው ስላችሁ ቀልድ አይደለም፣ ጠዋት የአሉሚኒየሙን እግር በባዶ እጅ ስትይዙት ብርዱ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው። አስጎብኚያችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የአካባቢው ሰው ናቸው፣ እኛም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በኦሮምኛ ቀበሮውን ጀዳላ ፈርዳ ነው የሚሉት፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ከፈረስና ከከብት መሃል ስለማይጠፋ ነው አሉን።

የመጀመሪያውን ቀበሮ ያየነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ፍልፈል እያደነ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ቆሞ ያዳምጣል፣ እንደገና ሁለት እርምጃ ይራመዳል። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ትራይፖዱን ዘረጋሁ፣ ቆሜ መቅረፅ ስለለመድኩ እግሮቹን በሙሉ አወጣሁ፣ ዓይኔ ጋ እንዲደርስ ምሰሶውንም 30 ሳንቲም ሜትር ያህል ሳብኩት። ጋሼ ከኋላዬ በዝግታ "ልጄ፣ ቁጭ በል፣ ቁጭ ስትል እሱም አይሸሽህም፣ ነፋሱም ይቀንስልሃል" አሉኝ። ሰማኋቸው ግን አልተቀመጥኩም፣ እንስሳው እንዳያመልጠኝ ብዬ። ረፋድ ላይ ነፋሱ ተነሳ፣ እና ቀኑን ሙሉ አልቆመም። ሦስት ቀን እንደዚህ ቀረፅን።

የመጨረሻው ቀን ማታ ጎባ ሆቴል ላፕቶፕ ከፍተን ስናይ 41 ክሊፕ አለን፣ ትንሿ የካሜራ ስክሪን ላይ ሁሉም ያማረ ነበር፣ ትልቁ ላይ ግን ቀበሮው የሚያተኩሰው ሰው ይመስላል፣ ጆሮው ይርገበገባል፣ የጅራቱ ፀጉር ድርብ ሆኖ ይታያል፣ ካሜራውን ወደ ጎን ባዞርን ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዘለል ይልና ነው የሚሄደው። ለሰው ማሳየት የሚቻለው 9 ብቻ ነበር። ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ላፕቶፑን ዘጋው፣ እኔም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው ጥሩ ነገር እያንዳንዱን ክሊፕ ቀስ ብሎ ማየት ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ሁሉም መንቀጥቀጥ ከትራይፖድ አይመጣም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከመሬት የሚነሳው ሞቃት አየር ምስሉን ያንቀለቅለዋል፣ ሳነቴ ላይ ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሲታይ ነገሩ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሁለቱን የምትለዩበት መንገድ አለ፦ የአየሩ ከሆነ የምስሉ ክፍሎች ለየብቻቸው ነው የሚጣመሙት፣ የቀበሮው እግር ወደ ግራ ሲሄድ ጀርባው ወደ ቀኝ ሊሄድ ይችላል። የትራይፖዱ ከሆነ ግን ፍሬሙ በሙሉ፣ ድንጋዩም ሳሩም ቀበሮውም፣ እኩል አንድ ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው። ድንጋይ ላይ አንድ ነጥብ መርጠን ክሊፑን ፍሬም በፍሬም ስናየው ከተበላሹት ውስጥ አብዛኞቹ የትራይፖዱ ነበሩ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ የቀረፅናቸው ላይ ደግሞ ሁለቱም ተደርበው ነበር።

600 ሚሊ ሜትር ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ የገባኝ ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። ከትራይፖዱ መያዣ እስከ ሌንሱ ጫፍ 30 ሳንቲም ሜትር ያህል ነው ብላችሁ ውሰዱት፣ የሌንሱ ጫፍ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል፣ ማለት 0.07 ሚሊ ሜትር፣ ከፍ ዝቅ ቢል፣ በ4ኬ ቪዲዮ ላይ ምስሉ ወደ 24 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይዘላል። አንድ ፀጉር! ሰርግ ላይ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያው የማዕዘን ለውጥ 2 ፒክስል ብቻ ነው፣ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው አራት ዓመት ሙሉ ትራይፖዳችን ጥሩ ነው ብለን የኖርነው፣ ተፈትኖ አያውቅም ነበር እኮ።

ከዚህ በኋላ ግን ተሳሳትን። ሁለታችንም ጥፋቱ የሄዱ ነው ብለን ደመደምን፣ ምክንያቱም ስናዞረው የሚዘለው እሱ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ወዳጃችን ደህና የቪዲዮ ፍሉይድ ሄድ፣ ውስጡ ባለው ቅባት ዙሩን የሚያለሰልሰውን፣ ተዋስን። እሱን ለመግጠም ራሱ አንድ ቀን ፈጀብን፣ የእኛ ትራይፖድ ላይ ያለው ብሎን ቀጭኑ ባለ ሩብ ኢንች ነው፣ የሄዱ ቀዳዳ ደግሞ ወፍራሙ፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሚባለው ነው፣ መሃል የምትገባ ትንሽ የብረት ቀለበት ፈልገን ገጠምነው። (ሄድ ለብቻ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ብሎን እዩ፣ ጠንከር ያለ ሥራ ለመሥራት የተሰሩት ሁሉም ማለት ይቻላል ወፍራሙን ነው የሚጠቀሙት።) ሲዞር ያለው መዝለል ጠፋ፣ በጣም ደስ አለን፣ ነገር ግን ሳንነካው ቆሞ እያለ የሚንቀጠቀጠው እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ነው ሄድና እግር ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እንደሆኑ፣ ችግራቸውም የተለያየ እንደሆነ በደንብ የገባን።

ስለዚህ ፈተና አዘጋጀን፣ ማንም ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። ቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠለውን ርካሽ ሌዘር በፕላስተር ሌንሱ ላይ አሰርናት፣ የቢሯችን ኮሪደር ላይ 8 ሜትር ርቀት ግድግዳው ላይ ባለ መስመር ወረቀት ለጠፍን፣ ከዛ የሌንሱን ጫፍ በጣት ቀስ አድርገን መታ እናደርጋለን፣ ቀይዋ ነጥብ እስክትቆም ድረስ በስልክ በስሎው ሞሽን እንቀርፃለን። ነጥቧ ወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከሄደች በ600 ሌንስ 4ኬ ላይ 13 ፒክስል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ዓይናችሁ የሚያየው ማንኛውም እንቅስቃሴ ቪዲዮው ላይ ትልቅ ነው ማለት ነው። ወሳኙ ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው፣ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ምሰሶው ተስቦ፣ እግሩ በሙሉ ወጥቶ፣ ልክ ሳነቴ ላይ እንዳቆምኩት ስናደርገው ነጥቧ ለመቆም 5 ሰከንድ ያህል ፈጀባት። አምስት ሰከንድ ሙሉ! ቀበሮው ፍልፈሉን ይዞ የሚሄደው ከዛ ባነሰ ጊዜ ነው፣ ነፋስ ሲኖር ደግሞ እንደገና እንደገና ስለሚመታው መቼም አይቆምም። ምሰሶውን ወደ ታች መልሰን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ ወደ 3 ወረደ። ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፣ ዋጋውም ዜሮ ነው። ምሰሶው ሲሳብ በሦስት እግር ላይ የቆመው ነገር በአንድ ቀጭን ዘንግ ላይ የቆመ ነገር ይሆናል፣ በቃ ትራይፖድ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ያልጠበቅነው ነው፣ ፕሌቱ። ሌንሱን ከሄዱ ጋር የምታያይዘው ትንሿ ሳህን ከላይዋ ለስላሳ ጎማ አላት፣ እንዳይቧጥጥ ተብሎ ይመስለኛል፣ ሌንሱ ደግሞ በአንድ ብሎን ብቻ ነው የታሰረው። ካሜራውን ይዤ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ሳጣምመው ባልደረባዬ በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብሎ አየና "ና እስቲ እየው፣ ጎማው ሲላላና ሲጨመቅ ይታያል" አለኝ። እውነትም ይታያል። ብሎኑን በሳንቲም ሳይሆን በካቻቢቴ አጥብቀንም አልጠፋም። በኋላ ጎማ የሌላት፣ ሙሉ ብረት፣ ረዘም ያለች፣ ጫፏ ላይ የሌንሱ እግር እንዳይዞር የሚይዝ ከንፈር ያላት ፕሌት ስንቀይር ብቻ ነው የተስተካከለው። ትራይፖድ ሲመረጥ ስለ ፕሌት የሚያወራ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፣ ግን ከላይ እስከ ታች ካለው ሰንሰለት የላላው አንዱ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢጠነክር ምንም አይጠቅምም።

ሦስተኛው እግሮቹ የሚገናኙበት አናት ነው። የእኛ ፕላስቲክ ነው። አናቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጠርሙስ ክዳን ለማዞር ስትሞክሩ እግሮቹ መሬት ላይ እንደቆሙ አናቱ ትንሽ ይዞራል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ይቺን ነገር አሁን ማንኛውም ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማደርጋት ናት፣ ባለሱቁ ይገረማል እንጂ አይቆጣም። ትራይፖዶች በአብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ለመዞር ነው ደካማ የሚሆኑት፣ ነፋስ ደግሞ ረጅሙን ሌንስ ከጎን ሲመታው የሚያደርገው በትክክል እሱኑ ነው፣ ያዞረዋል። ፊት ላይ ያለው ትልቁ የሌንስ ኮፍያም እንደ ሸራ ነፋስ ይሰበስባል፣ ፀሐይ ከፊት ካልመጣች አውልቁት።

የመጨረሻው የእግሩ ቅጥነት ነው። ባለ አራት እጥፍ ስለሆነ ከላይ 22 ሚሊ ሜትር የነበረው እግር ታች ሲደርስ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ እርሳስ በሉት። የቱቦ ጥንካሬ፣ የግድግዳው ውፍረትና ዕቃው አንድ ከሆነ፣ ከወርዱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፣ ወርዱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። ስለዚህ 22 ሚሊ ሜትር የነበረው 32 ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ አይደለም የሚጠነክረው፣ ሦስት እጥፍ ነው። ታች ላይ 13ን ከ25 ጋር ካወዳደራችሁት ደግሞ 7 እጥፍ ይደርሳል። ይቺ ሒሳብ ገብታኝ ቢሆን ኖሮ ያን ጉዞ በዚያ ትራይፖድ አልሄድም ነበር።

አሁን ወደ ካርቶኑ ጽሑፍ ልመለስ። "8 ኪሎ ይሸከማል" የሚለው ውሸት ላይሆን ይችላል፣ 8 ኪሎ ብታስቀምጡበት ላይወድቅ ይችላል። ነገር ግን አለመውደቅና አለመንቀጥቀጥ ለየቅል ናቸው። አምራቾቹ ይህን ቁጥር የሚለኩበት አንድ የጋራ መለኪያ የላቸውም፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ የአንዱን 8 ኪሎ ከሌላው 8 ኪሎ ጋር ማወዳደር አትችሉም። እኔን ትራይፖድ ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ "ስንት ኪሎ ይችላል?" ነው የሚለው፣ እኔ ደግሞ መልሼ "ሌንስህ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የት ነው የምታቆመው?" ነው የምለው፣ ምክንያቱም 3 ኪሎ የሆነ ካሜራ በ35 ሌንስ ቢሮ ውስጥና 3 ኪሎ የሆነ ካሜራ በ600 ሌንስ ሳነቴ ላይ አንድ ዓይነት ትራይፖድ አይፈልጉም።

ለመግዛት ከመወሰናችን በፊት ከሦስት ወዳጆች ሦስት ትራይፖድ ተውሰን እዚያው ኮሪደር ላይ በዚያው ሌዘር ፈተንናቸው። አንደኛው ለጉዞ የሚሆን ቀላል ካርበን ነው፣ 22 ሚሊ ሜትር እግር፣ በጣም የሚያምር፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ግን ከእኛው ብዙ አልተሻለም። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ እያንዳንዱ እግር ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቱቦዎች ያሉት ያረጀ አሉሚኒየም ነው፣ ቀለሙ ተልጧል፣ ነገር ግን መታ ስናደርገው ነጥቧ የተንቀሳቀሰችም አትመስልም ነበር፣ ለመዞር እንደሱ ጠንካራ የለም። ከሄዱ ጋር ግን 7 ኪሎ ነው። ስቱዲዮ ወይም አዳራሽ ውስጥ ብቻ የምሠራ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ እሱን ነበር የምገዛው፣ 4,000 ሜትር ላይ ባዶ እጄን ስራመድ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ 7 ኪሎ ተሸክሜ ቀበሮ መከተል አልችልም። ሦስተኛው 32 ሚሊ ሜትር እግር ያለው ባለ ሦስት እጥፍ ካርበን ነው፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ ጭራሽ የለውም፣ አናቱ ብረት ነው፣ 2.1 ኪሎ ብቻ። ነጥቧ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ቆመች። ባልደረባዬ "ይሄ ነው" አለ፣ እኔም ሌላ መፈለግ አቆምኩ።

ምሰሶ ከሌለው ቁመቱ ይበቃል ወይ የሚለው አሳስቦኝ ነበር፣ እሱንም ማስላት ቀላል ነው። እኔ 1.72 ነኝ፣ ዓይኔ ከመሬት 1.60 አካባቢ ነው፣ ከዛ ላይ የሄዱን ቁመትና ከሄዱ በላይ ያለውን የካሜራ ቁመት፣ በጠቅላላ 22 ሳንቲም ሜትር ያህል፣ ስትቀንሱ እግሩ 1.38 ሜትር ከደረሰ ይበቃኛል። ዳገት ላይ ግን አንዱ እግር ቁልቁል ስለሚሄድ ተጨማሪ 15 እና 20 ሳንቲም ሜትር ያስፈልጋል፣ እና ሀገራችን ደግሞ ዳገት ነው። ከ1.50 የሚበልጥ ፈለግን።

ካርበን ወይስ አሉሚኒየም የሚለው ላይ ብዙ ክርክር አለ። ካርበን ፋይበርን ወደ ትራይፖድ ያመጣው ጊትዞ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ከዛ ወዲህ ዋጋው ብዙ ወርዷል ግን አሁንም ውድ ነው። ለእኔ ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ንዝረቱን ቶሎ ያጠፋዋል፣ ጠዋት ላይ ደግሞ እጅ አያቃጥልም። አሉሚኒየም ሲወድቅ ይጎብጣል፣ ካርበን በስለት ነገር ከተመታ ይሰነጠቃል፣ ይህን እወቁ። ገንዘቡ ከሌለ ግን ወፍራም አሉሚኒየም ከቀጭን ካርበን ሺህ ጊዜ ይሻላል፣ እግሩ ላይ የቢስክሌት መሪ የሚጠቀለልበትን ቴፕ ጠቅልሉበት፣ ብርዱንም ይከላከላል።

ሄዱ ላይ ብዙ አልቆይም ግን ጥቂት ነገር። ቦል ሄድ፣ ካሜራው በአንድ ኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞርበት፣ ለፎቶ ፈጣን ነው፣ በረጅም ሌንስ ግን ካጠበቃችሁት በኋላ ትንሽ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ፍሬም ያደረጋችሁት ነገር ይሸሻል። ጊምባል የሚሉት፣ ሌንሱን በሚዛን አንጠልጥሎ የሚይዘው፣ የሚበር ወፍ ፎቶ ለማንሳት ድንቅ ነው፣ ለቪዲዮ ግን እጃችሁን የሚገታ ነገር ስለሌለው እያንዳንዷ የእጅ ንቅናቄ ትገባለች። እኛ ዋናው ሥራችን ቪዲዮ ስለሆነ ፍሉይድ ሄድ ወሰድን፣ ዋናው መስፈርታችንም ሚዛን የሚጠብቀው ስፕሪንግ የሚቀያየር መሆኑ ነበር። ካሜራውን 20 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አዘንብላችሁ እጃችሁን ልቀቁ፣ እዚያው ከቆመ ስፕሪንጉ ከካሜራችሁ ጋር ይስማማል፣ ወደ ላይ ከተመለሰ ስፕሪንጉ በዝቷል፣ ከወደቀ አንሷል። ስፕሪንጉ ለ4 ኪሎ የተሰራና የማይቀየር ሄድ ላይ የእኛን 3 ኪሎ ብታስቀምጡ ዕድሜ ልካችሁን እጀታውን እየተጫናችሁ ትኖራላችሁ። እኛ የወሰድነው በአራት ደረጃ ይቀየራል፣ ታቹ 75 ሚሊ ሜትር ሉል ነው፣ ሳህን ውስጥ እንዳለ ኳስ፣ መሬቱ ቢያዘነብልም እግሮቹን ሳትነካኩ ከሥር ያለውን እጀታ ፈታ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ ውሃ ልክ ታስተካክላላችሁ። ዳገት ላይ ቀበሮ እየተራመደ ይህ ዋጋው በገንዘብ አይተመንም።

አዲስ አበባ ውስጥ የምንፈልገውን ውፍረት ማግኘት አልቻልንም፣ ሱቅ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቀጭኑ ነው፣ እና ዋሽንግተን ዲሲ ያለችው እህቴ ያገለገለ ፈልጋ ገዛችልን፣ ለገና ስትመጣ ልታመጣው። ደውላ "አንተ፣ ይሄ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ብለህ ነው?" አለችኝ፣ ምክንያቱም ባለ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ሲታጠፍ ራሱ 65 ሳንቲም ሜትር ነው። ባለ አራት እጥፉን ሰው የሚገዛው ለዚህ ነው፣ ያጥራል። በትልቁ ሻንጣ በሰያፍ ገባ፣ እግሮቹን በልብስ ጠቀለለችው፣ ሄዱን ደግሞ በእጅ ቦርሳዋ ያዘችው። ከ23 ኪሎዋ ላይ ለእኛ ብላ ለዘመድ የገዛችውን ጫማ አስቀርታለች፣ ይህን አልረሳላትም።

ጥር መጨረሻ ላይ ተመልሰን ባሌ ሄድን፣ ከእዚያው ጋሼ ጋር። ከጎባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን፣ ሳነቴ ስንደርስ ሳሩ ላይ በረዶ ነበር። አንድ ያልጠበቅነው ነገር፣ ሄዱ ውስጥ ያለው ቅባት በብርዱ ወፍሮ መጀመሪያ ላይ ለማዞር ከበደ፣ መገደቢያውን ወደ ዝቅተኛው አድርገን አስር ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ስናዞረው ላላ። ከዚያ በኋላ በመኪና ውስጥ ሄዱን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልለን ነው የያዝነው። ድንጋይ የሞላ ቦርሳም ከአናቱ ሥር አንጠለጠልን፣ ግን ቦርሳው በነፋስ እየተወዛወዘ ራሱ ያንቀጠቅጠው ስለነበር ገመዱን አስረዝመን መሬት እንዲነካ አደረግነው። የሌንሱን ማረጋጊያም አጠፋነው፣ በቆመ ነገር ላይ ሲሠራ ምስሉን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይወስደዋል።

ይህን ጊዜ ጋሼ ሳይነግሩኝ ቁጭ አልኩ። ምሰሶ ስለሌለው እግሮቹ ተከፍተው መሬት ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው ይቆማሉ፣ ሌንሱ ከመሬት 40 ሳንቲም ሜትር ብቻ ነበር፣ ቀበሮው በዓይኑ ልክ ነው የሚታየው። እውነትም እታች ነፋሱ ያንሳል። አንዲት ሴት ቀበሮ መጣች፣ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆመች፣ አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፣ እንደ ድንጋይ ሆነች። እኔም እጄን ከእጀታው ላይ አነሳሁ። ሰባ ሰከንድ ያህል እሷም አልተንቀሳቀሰችም፣ ፍሬሙም አልተንቀሳቀሰም፣ የሚንቀሳቀሰው ከፊቷ ያለው ሳርና የጀርባዋ ፀጉር ብቻ ነበር። ከዚያ ዘለለች፣ አፍንጫዋ አፈር ውስጥ ገባ፣ አፈሩ ሲበተን እያንዳንዱ ጓል ለብቻው ይታያል።

ጋሼ ክሊፑን አሳየኝ አሉ። ሞኒተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ አዩት፣ ከዛ በጣታቸው የጆሮዋን ጫፍ ነክተው "ይቺን አውቃታለሁ፣ ጆሮዋ የተቀደደው አምና ነው" አሉኝ። በመጀመሪያው ጉዞ ከቀረፅናቸው በአንዱም ላይ የጆሮ ቅዳድ ማየት አይቻልም ነበር።

4 ሰዓት ሲሆን መሬቱ መሞቅ ጀመረ፣ ሩቅ ያለው ጅብራ መንቀልቀል ያዘ፣ ለእሱ ትራይፖድ መፍትሔ የለውምና አጣጥፈን ሻይ ልንጠጣ ወደ መኪናው ሄድን። በሦስት ቀን 38 ክሊፕ ቀርፀን 29 ያዝን፣ የቀሩት 9 ወይ ፎከስ የሳቱ ወይ አየሩ ያበላሻቸው ናቸው።